«ባልሽ እንዴት ነው?»

ሀብትነሽ ባሏን ከቀበረች ገና ወር አልሞላትም። ፋንታ ወልደ ሰንበት ጥጥ ሊገዛ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ወጣ። ቢቸና ሲደርስ ሰው መለየት አቅቶት ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላውም አረፈ። ሀብትነሽ በለቅሶው ቀን ጉንጮቿን ነጨች፤ ፀጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ከመደቡ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። መሬቱ የፋንታ አባት ርስት ነው፤ የባሏ ወንድሞችም የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል አሳባቸውን ገልጠው ነገሯት። «እርሻውን እኛ እናርሳለን፤ አንቺም ወጣት ነሽ፣ ወደ አባትሽ ቤት መመለስ ትችያለሽ፤ ልጆቹ ግን የእኛው ናቸው» አሏት። ልጆቿን ማሳደሪያ የራሷ እንጀራ ካላገኘች በቀር ለዚህ መልስ እንደሌላት ታውቀዋለች።

በዚህ መካከል መምህር ደምለው ለማስተዛዘን መጣ። በልጅነቷ ያስተማራት እሱ ነው።

«ነገሩን በለቅሶ ቤት ማንሣቴን ይቅር በይኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞጣ አዲሱ ጤና ጣቢያ ለወሊድ ክፍል ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ይፈልጋሉ። ዓርብ ይፈትናሉ። አንቺ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረሻል፤ ዳዊትም ከአባትሽ ደግመሻል።»

አማቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ከጓዳው በር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«ሂጂ» አሉ። «ልጆቼ ልጆችሽን ሊወስዱብሽ እንዳሰቡ እኔም አይቻለሁ። ሂጂ። ጥቁርሽን ግን ከላይሽ እንዳታወርጂ። አርባው ሳይወጣ ነጭ ለብሰሽ ታየሽ ቢሉኝ ልጄ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።»

«አላወርድም፣ እማሆይ» አለች ሀብትነሽ። ስትናገር ከልቧ ነበር።

በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ አቧራ ስትውጥ ውላ ሞጣ ገባች። እዚያ የእናቷ እኅት አምሳለች አለች፤ ባሏ ይግዛው ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤታቸውም ሱቃቸውም አንድ ነው። አምሳለች የእኅቷን ልጅ አቅፋ ካለቀሰች በኋላ እንባዋን ጠርጋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ይህን ለብሰሽ ነው የምትገቢው?»

«ሌላ ምን እለብሳለሁ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምጥ የያዛት ሴት ራስጌ ልትቆሚ እኮ ነው! ቀና ብላ አንቺን ስታይ ለእሷ የመጣሽ ነው የሚመስላት።»

«ለእማሆይ ቃል ገብቻለሁ።»

«እማሆይ ያሉት ቢቸና ነው።»

ይግዛው እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ ሳያነሣ ጣልቃ ገባ። «በጥቁር ከሄደች ያዝኑላታል። ከንፈራቸውን ይመጥጡና ሥራውን ለሌላዋ ይሰጣሉ።» ከዚያም ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነጭ ቀሚስ አወረደ። «የወይዘሮ ፈንታነሽ ነው። ለትንሣኤ ነው የምትወስደው። በልኳ ነው የሰፋሁት፤ ልኳ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«ብታውቅስ?»

«ሁለት ጊዜ ከጨርቋ ቀንሼባት አልነቃችብኝም። አታውቅም።»

በዚያ ምሽት አምሳለች ፈተናውን አለማመደቻት። «ሐኪሙ የሐረርጌ ሰው ነው፤ ወጣት ነው። አቀርቅሮ የሚናገር ሰው ያናድደዋል አሉ። ዓይን ዓይኑን እይው። አፍሽን በነጠላ እንዳትሸፍኚ። ‹ትችያለሽ ወይ?› ሲልሽ ‹እግዜር ያውቃል› እንዳትዪ፤ ‹እችላለሁ› በዪ።»

«እንዲህ ብሎ መናገር ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው። አንቺ ግን በዪው።»

የጉንጯ ጭረት ገና አልጠፋም። አምሳለች ለጋ ቅቤ ቀባችው፤ «ከጠየቁሽ እሾህ ነው በዪ» አለቻት። የተላጨ ራሷን በሻሽ አሰረችላት። ሀብትነሽ ዓርብ ጧት ነጩን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ እጇ በልማድ ነጠላዋን እያነሣ ጥለቱን ወደ ላይ ሊያደርገው ይሞክር ነበር፤ አምሳለች ከኋላ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አስተካከለችላት።

ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። አንዷ ጫማ አድርጋለች፤ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣሁት ትላለች፤ እንግሊዝኛም ታውቃለች። ሀብትነሽ ስሟ ሲጠራ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች።

በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ነጭ ካፖርት የለበሰው ሐኪም ነው። ሌላው የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ጠጉሩ ጣል ጣል ሸብቷል፤ ራሱን ደፍቶ ይጽፋል። ሀብትነሽ እጅ ነሥታ በተሰጣት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ጋዜጣ ሰጣትና አንብቢ አላት፤ እንደ ዳዊት እንዳትስበው እየተጠነቀቀች አነበበችው።

«ደም አይተሽ አትደነግጪም?»

«አልደነግጥም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጎረቤቴ ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጇ ወንዝ ሞልቶባት ማዶ ቀረች። ልጁን የተቀበልሁት እኔ ነኝ።»

«ኖረ?»

«አሁን ጥጃ ያግዳል።»

ሐኪሙ ሳቀ። ሀብትነሽም ዓይን ዓይኑን እያየች ፈገግ አለች፤ እንደምትችል አታውቅም ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ወደ ፊቷ ቀረብ ብሎ አየ። «ጉንጭሽን ምን ነካው?»

«እሾህ ነው። የአጥር እሾህ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ጉንጯን አየ፤ ትንሽ ቆየባትና መልሶ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

«የባል ስም?» አለ እየጻፈ።

«ፋንታ ወልደ ሰንበት።»

ብዕሩ ቆመ። «የትኛው ፋንታ? የቢቸናው? መርጡለ ማርያም ቅኔ የተማረው?»

«አዎ።»

«ባልሽ እንዴት ነው?» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። ድምፁ ተለውጧል። «እኔና እሱ አንድ ጎጆ ነው ያደርነው። የለመንነውን ከአንድ አኮፋዳ ነው የበላነው። እንዴት ነው? ደህና ነው?»

በዚያ አገር ሞት እንደ ገበያ ወሬ ለወዳጅ አይነገርም። መርዶ ነጋሪ ቄስና ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ራሱን ሲመታ እጁን የሚይዝለት ሰው በግራና በቀኙ ይቆማል። በጠራራ ፀሐይ፣ በቢሮ ጠረጴዛ ማዶ፣ ባዕድ ሰው እያየ፣ ያውም በሟቹ ሚስት አፍ! እንዲህ ያለ መርዶ ተነግሮ አይታም ሰምታም አታውቅም። ይህ አንዱ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ነው። «ሞቷል» ብትል ቀጥሎ የሚያየው ቀሚሱን ነው። የትኛው እንደበለጠባት ኋላም ለይታ መናገር አልቻለችም።

«ደህና ነው» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ከወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ሳቀ። «ሐኪም፣ ይህ ሰው ነው እንጀራ ያበላኝ! ቅኔ ሲጠፋብኝ እሱ ዘርፎ በጆሮዬ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔ ቆሜ የራሴ አስመስዬ እላለሁ። መምህራችን እስኪሞቱ አላወቁም!»

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላበጠ። «ዋስ አላት?»

«ዋሷ እኔ ነኝ። የፋንታ ሚስት ናት፤ ሌላ ምን እጠይቃለሁ?»

«እንግዲያው ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አላት ሐኪሙ።

ስትወጣ ኃይለ ጊዮርጊስ እስከ በረንዳው ድረስ ሸኛት። «ለትንሣኤ ይዘሽው ነይ። አልመጣም ቢልሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በመምህራችን አጥንት አስምሎሃል በዪው» አላት። ሀብትነሽ ራሷን ነቀነቀች።

አምሳለች ከሱቁ በር ላይ ሆና አያቻት፤ እልል ልትል አፏን ከፍታ ፊቷን ስታይ ዘጋችው። «ከለከሉሽ?»

«ሰጡኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«ፋንታ ደህና ነው ብዬ መጣሁ።»

የስፌቱ መኪና ቆመ። ሀብትነሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይግዛው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ወዳጁ ከሆነ ሊነገረው ይገባል። ቄስ ገላውን እጠራለሁ፤ ነገ ማለዳ እንሄዳለን» አለ።

«ነገ?» አለች አምሳለች። «አንተ ሰውዬ አብደሃል? ሰኞ ሥራዋን ትጀምር፣ ስሟ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ይረዳ። ዛሬ ዋስ ሆኖላት ነገ ‹ዋሽታኛለች› ቢል ያቺ የማርቆሷ ትገባለች፤ የዚችም ልጆች ከአጎቶቻቸው ቤት ይቀራሉ። ሁለት ቀን ምን አለበት? ሟቹ እንደሆነ አይቸኩል!»

አባባሏ እውነት ነበር። ሀብትነሽ ልጆቿን አሰበች። ቀጥሎም ያን ሰው፣ ቅዳሜና እሑድ ለሚያገኘው ሁሉ «ፋንታ ሊመጣልኝ ነው» እያለ ሲስቅ አሰበችው። ነጩን ቀሚስ አውልቃ አጣጥፋ ለይግዛው መለሰችለት፤ ጥቁሯን ለበሰች።

«ነገ ማለዳ» አለች።

ጎሕ ሲቀድ ከኃይለ ጊዮርጊስ ደጅ ደረሱ። ቄስ ገላው ፊት፣ ይግዛው ቀጥሎ፣ ሀብትነሽ ከኋላቸው ነበሩ። ኃይለ ጊዮርጊስ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ቄሱን አየ፤ ይግዛውን አየ፤ ከዚያም በቄሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ቄስ ገላው «ልጄ፣ የሰው ዕድሜ...» ብለው ሲጀምሩ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«አይንገሩኝ» አለ። «ቆይ፤ ልቀመጥ።»

ሳይቀመጥ ወደቀ። ይግዛው ከወዲያ፣ ቄሱ ከወዲህ ያዙት። «ወንድሜ! አፌ! ቃሌ!» እያለ ጮኸ፤ ሚስቱ እየሮጠች ወጣች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሀብትነሽ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ስታለቅስ ማንም አላያትም።

ፀሐይ ስትወጣ ልቅሶው ረገብ አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ ከግንድ ላይ ተቀምጦ ጠራት።

«ጉንጭሽን አይቼው ነበር» አላት። «እሾህ እንደዚያ አይጭርም። የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ አውቃለሁ። አይቼ ነው የጠየቅሁሽ። ‹ደህና ነው› ስትዪኝ ግን ደስ ብሎኝ አመንኩሽ። ማታ ለሚስቴ በግ እንግዛ አልኋት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«መርዶውን በቀትር አለመንገርሽ ወግ ነው። በዚህ አልወቅስሽም። ያ ነጭ ቀሚስ ግን...» አልጨረሰውም። ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ዋስነቴን አላነሣም፤ ለእሱ ስል ነው። ለሐኪሙ ግን አንቺው ንገሪው። እኔ አልገባበትም።»

ሐኪሙን ከጤና ጣቢያው ግቢ አገኘችው። ጥቁሩን ሲያይ መጀመሪያ አላወቃትም። ነገረችው። ከማዘን ይልቅ ተናደደ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። መርዶ እንደዚያ አይነገርም፣ ጌታዬ።»

«እኔ ፊት ነው የተናገርሽው። እሾሁስ?»

«እሾሁን ዋሽቻለሁ።»

ሐኪሙ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። «ስሚኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የምትወልድ ሴት ደም አልቆም ቢላት፣ እኔ ‹እንዴት ናት?› ብዬ ስጠይቅሽ ‹ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ልትዪኝ ነው? እኔ የምፈልገው እንደሆነው የሚነግረኝ ሰው ነው።»

ይህን አምሳለች አላለማመደቻትም። ሀብትነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ቆየች፤ አፏንም በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለእርስዎ ወዲያው እነግራለሁ» አለች። «ሞታም ከሆነ ‹ሞተች› እልዎታለሁ። እናቷ ከበር ላይ ብትጠይቀኝ ግን ለእሷ አልነግርም።»

«ለምን? እናቷ አይደለችም?»

«እናቷ ስለሆነች ነዋ። ብቻዋን ቆማ?»

ያቺን የደብረ ማርቆሷን ሊያስጠራት እንደሚችል ሀብትነሽ ታውቃለች። «አንድ ወር አይሻለሁ» አለ ሐኪሙ። «ካልሆነ ትሄጃለሽ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የምትለብሺው የእኛን ነጭ ካፖርት ነው፤ በዚህ አልከራከርም።»

ለአርባው ቢቸና ስትመለስ ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ራሷ ነገረቻቸው። ከሌላ እንዲሰሙት አልፈለገችም። እማሆይ ፊታቸውን አዞሩ፤ የተዝካሩ እንግዳ ሁሉ እስኪበተን አላነጋገሯትም። ልትሄድ ስትል ግን ከጓዳ ጠሯት።

«ያ ወዳጁ አለቀሰለት?»

«ወድቆ አለቀሰ።»

«ምን እያለ?»

«‹አፌ! ቃሌ!› እያለ።»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ለብቻቸው አለቀሱ። «ወሩ ይሙላና ሥራው ከጸናልሽ ልጆችሽን ትወስጃለሽ። ወንዶች ልጆቼን እኔ እመልሳለሁ» አሏት። ስለ ነጩ ግን ይቅር አላሉም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አላሉም።

ሞጣ ተመልሳ ሠራች። የፈሰሰ ጠረገች፣ ውኃ አፈላች፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች እጅ ያዘች። ኃይለ ጊዮርጊስ በግቢው ውስጥ ሲያልፍ ለሌላው ባርኔጣውን ያነሣል፤ እሷን ሲያይ መንገዱን ይለውጣል። ሐኪሙም በያንዳንዱ ነገር ይፈትናታል። «ትኩሳቷ ስንት ነው? እንደሆነው ንገሪኝ!» ይላታል፤ ትነግረዋለች።

ወሩ ሊሞላ ሲል ከጉንደ ወይን በኩል አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ በቤቷ ወልዳ ደም አልቆም ብሏት፣ በቃሬዛ መጣች። የተሸከሟት ሰዎች ከብት ጥለው ስለመጡ ተመለሱ፤ አብራት የቀረችው እናቷ ብቻ ነበረች። ሐኪሙ የሚቻለውን አድርጎ ደሟ ቆመ ሲባል ለምሳ ወደ ቤቱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ደሙ እንደገና ፈሰሰ። ሀብትነሽ ሌላዋን ረዳት ጠርታ ወደ ሐኪሙ ቤት ሮጠች፤ አብረው ሮጠው ሲመለሱ ግን ረዳቷ ከአልጋው ዞር ብላ ቆማ ነበር። ሐኪሙ አሁንም ልቧን የሚሰማበትን አውጥቶ ሲደናገር ሀብትነሽ የሴትዮዋን ዓይን ከደነች።

«ሞታለች» አለችው።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ በሩ ሄደ። እናትየዋ ከደረጃው ላይ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ልጄ እንዴት ናት?»

ሐኪሙ አፉን ከፈተ። ከእናትየዋ በቀር በግቢው ውስጥ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ቃሉ አልወጣ አለው። ዞር ብሎ ሀብትነሽን አያት።

«እናቴ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለች ሀብትነሽ። በነጭ ካፖርቷ ላይ ያለውን ደም በክንዷ ከልላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ከማለዳው መርዶ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰላት ሰው ፊት ቆመች።

«ሰው ያስፈልጋታል፣ ጋሼ» አለችው።

ኃይለ ጊዮርጊስ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። መሳቢያውን ቆልፎ ወጣ። ከእናትየዋ አጠገብ ተቀምጦ የማን ዘር እንደሆነች፣ ሞጣ ውስጥ ዘመድ እንዳላት፣ ደብራቸው ማን እንደሆነ እየጠየቀ ያጫውታት ጀመር፤ ዘመዶቿንም አስጠራ፤ ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ እጁን በካፖርቱ ኪስ ከትቶ ይህ ሁሉ እስኪሆን ቆሞ አየ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጩኸቱ ከሠፈሩ ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያው ተሰማ።

በዚያው ጧት ሐኪሙ የሀብትነሽን የቅጥር ወረቀት ፈረመ። ወረቀቱን የሰጣት ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ሲሰጣት ቀና ብሎ አላያትም።

«ልጆቹን አምጪያቸው» አለ። «ታናሽዋ እሱን ትመስላለች ይባላል።»

«ትመስላለች።»

«እንግዲያው ወደ ቤት ይዘሻት ነይ። ሚስቴ ትያት።» ከዚያም ሥራውን ቀጠለ።

ሀብትነሽ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ልትጠይቅ ወጣች። በበሩ ላይ የሟቿ ዘመዶች ሬሳውን ከቃሬዛው ጋር እያሰሩ ነበር። አንስተው እስኪያልፉ ወረቀቷን በእጇ እንደያዘች ከመንገዱ ዳር ቆመች።